አራተኛው መታጠፊያ

ኡማ፣ ባናባ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1999

ይድረስ ለአክስቴ ለኔይ ቴካሬይ፣ ራምቢ ደሴት

የሰማዩ አባት ጉልበትዎን ያበርታ፣ ጣሪያዎን ከማዕበል ይጠብቅ፣ የሚያሙዎትንም ሰዎች በአንድ ቀን ጥርስ ያሳጣልኝ። እኔ፣ ባሌ ቡሬንታው፣ ልጃችን ቲሪ እና የባሌ እህት ሮቲያ በሕይወት አለን። «ደኅና ነን» ብዬ ጽፌ ነበር፤ እርስዎን በወረቀት መዋሸት እንደማይቻል ስለማውቅ መልሼ ሰረዝኩት።

ዝናብ ካየን ስምንት ወር ሆነን። የማዕድን ኩባንያው ፎስፌታችንን ጠርጎ ሲሄድ ጥሎ የሄዳቸው የውሃ ታንከሮች ባዶ ናቸው፤ ልጆቹ ውስጣቸው ገብተው ይጮኻሉ፣ ድምፃቸው ተመልሶ ሲመጣ ይስቃሉ። መርከብ በበርሜል ከምታመጣው ውሃ ለአንድ ቤት በቀን አንድ ባልዲ ይደርሰናል። ገላችንን በባሕር ነው የምንታጠበው። ቡሬንታው በጨው ውሃ እየተላጨ ፊቱ ተሰነጣጥቋል፤ ቲሪ «አባዬ፣ ደርቀህ ልትሸጥ ነው እንዴ?» ትለዋለች። የላኩልን የካሳቫ ግንድ አንዱም አልበቀለም።

የሚያስጨንቀኝ ግን ይኼ አይደለም። ባለፈው መርከብ ከመንግሥቱ መቀመጫ ከታራዋ አንድ ሹም መጥቶ ከቤት ቤት እየዞረ ስማችንን መዘገበ። ዓመቱ ሳያልቅ አስተማማኝ ውሃ ካልተገኘ ሁላችንንም አንስተው ሊወስዱን ነው። «ለጊዜው ነው» አለን። ሽማግሌው ታበያ ከተቀመጠበት ሳይነሳ «በአርባ አምስትም ለጊዜው ነው ብለው ነው ወደ ራምቢ መርከብ ላይ የጫኑን። ያኔ ሁለት ዓመት ነበር ያሉን። አንተ ስንት ትላለህ?» ሲለው ሹሙ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ከራምቢ ተመልሰን እዚህ ያለነው ሦስት መቶ አንሞላም። እኛ ከወጣን ባናባ ላይ አንድም የባናባ ሰው አይኖርም።

ስለዚህ አንድ ነገር አስቤያለሁ። የቤተሰባችንን የውሃ ዋሻ አፍ አግኝቼዋለሁ። ኩባንያው ዙሪያውን ሁሉ ቆፍሮ የድንጋይ ጥርስ ብቻ ቢያስቀርም፣ እሱ ከአሮጌው መጋዘን ጀርባ ተርፏል። ታበያ ከሩቅ በጣቱ አሳየኝ። የውሃ ዋሻ ለወንድ እርም ስለሆነ አልቀረበም፣ ፊቱንም አዞረ። «አያትሽ በዚህ ገብታ ውሃ ተሸክማ ስትወጣ እናይ ነበር። ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም፣ ማወቅም አልፈልግ» አለኝ።

መንገዱን ግን እኔ አውቀዋለሁ፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በራምቢ አዳራሽ ነጭ ሸሚዝ አልብሰውን፣ ፊት ለፊታችን ተቀምጠው፣ ያንን የክር ጨዋታ በአሥር ጣታችን እያስጠለፉ አስጠኑን። ሴት አያቶቻችን የዋሻውን መንገድ ሚስዮናውያኑ እንዳይደርሱበት በልጆች ጨዋታ ውስጥ እንደደበቁት፣ ክሩ በተሳበ ቁጥር አንድ መታጠፊያ እንደሆነ የነገሩን እርስዎ ነዎት። እንግዳ በመጣ ቁጥር አሳይተን ስንት ጊዜ ተጨበጨበልን። ጣቶቼ አልረሱትም፦ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ አራተኛውም ግራ፣ ከዚያ ክሩ ይከፈትና ውሃው።

ከፋሲካ በኋላ ከሮቲያ ጋር እንገባለን። ያልነገሩኝ ነገር ካለ ይጻፉልኝ። በሬዲዮ አይሆንም፤ ሬዲዮውን የሚይዘው ወንድ ነው፣ ታራዋ ያለውም ሁሉ ይሰማል። ሳሙናና የዓሣ መንጠቆ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።

ጤና፣ ሰላምና ጥጋብ ከደጅዎ አይራቅ።
ልጅዎ አኮያ


ታብዌዋ፣ ራምቢ
ኤፕሪል 27 ቀን 1999

በእናቴ ስም ለተጠራሽው ልጄ ለአኮያ

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። የቀረውን ምርቃት በሌላ ጊዜ እጨምርልሻለሁ፤ አሁን እጄ ቸኩሏል።

ደብዳቤሽ ሱቫ ፖስታ ቤት ተኝቶ ከርሞ ትናንት ደረሰኝ። ፋሲካ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኗል። አንብቤ እንደጨረስኩ ወደ ምክር ቤቱ ሮጥኩ፤ እኔ ስሮጥ ያየ ሁሉ ቤት የተቃጠለ መስሎት ከኋላዬ ይሮጣል። ሬዲዮ የሚይዘውን ሰውዬ «ባናባ ላሉት ንገርልኝ፦ አኮያ ክሩን እንዳትከተል» አልኩት። «የምን ክር?» አለኝ። «የዓሣ ክር። አንተን ምን አገባህ?» አልኩት። ስቆ ላከው። ደርሶሽ ከሆነ ተመስገን።

አትግቢ። ዋሻው አርጅቷል። ኩባንያው ሰማንያ ዓመት ሙሉ በዙሪያው ፈንጂ ሲያፈነዳ ኖሯል፣ ድንጋዩ ላልቶ ይሆናል። ጨዋታ ደግሞ ጨዋታ ነው፤ እኔ ልጆችን ለማስደሰት ብዙ ነገር አወራለሁ። ዝናቡ ይመጣል። ጠብቂ።

ስድስት ሳሙና፣ ሁለት ፓኮ መንጠቆ፣ ለቲሪም አበባ ያለው ቀሚስ ልኬያለሁ። እዚህ ደኅና ነን። የዘፈን ቡድናችን ለበዓል ሱቫ ሊሄድ ነው። ዘንድሮ ክሩን እንዳያሳዩ ከልክያቸው ሁሉም አኩርፈውኛል። «አሮጊቷ አበደች» ይላሉ አሉ። ይበሉ።

ሮቲያ ደኅና ናት? አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ፤ አልገባንም በይኝ።

አክስትሽ ቴካሬይ


ኡማ፣ ባናባ
ሜይ 18 ቀን 1999

ለአክስቴ ለኔይ ቴካሬይ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ ይህ ወረቀት በጤና ያግኝዎት። ከዚህ በላይ ምርቃት አልመጣልኝም፤ አንድ ወር ሙሉ ይህን ደብዳቤ ስጀምርና ስቀድ ነው የከረምኩት።

ኤፕሪል 14 ቀን ገባን። አራት ሴቶች አፉ ላይ ቀሩ። ወንዶቹ ራቅ ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። እኔና ሮቲያ ወገባችንን በመርከብ ገመድ ታስረን በደረታችን እየተሳብን ገባን። ሮቲያ ቀጭን ስለሆነች ከፊት ሆነች። ያውቋታል፣ ሬሳ ቤትም ብትገባ ከመቀለድ አትመለስም። «ያን ሁሉ ዘመን ቆፍረው ይቺን ጉድጓድ ረሷት፤ ደብዳቤ እንጻፍላቸው?» ትላለች፣ ድምጿ ከድንጋዩ ሥር እየመጣ። እኔ ክሩን ጣቶቼ ላይ አድርጌ ከኋላ እነግራታለሁ። ቀኝ አልኩ፣ ቀኝ ነበረ። ቀኝ አልኩ፣ ነበረ። ግራ አልኩ፣ ነበረ። አክስቴ፣ አለቀስኩ። እርስዎ በአሥራ አራት ዓመትዎ የወጡበት ምድር በክር ውስጥ እንዳለ ተቀምጦ ነበር።

አራተኛው ላይ «ግራ» አልኳት። ቆም አለችና «እዚህ ድንጋዩ ይቧጭራል፣ ጉልበቴን ላጠው» አለች። «ክሩ ግራ ነው የሚለው፣ ሂጂ» አልኳት። እኔ ነኝ ሂጂ ያልኳት።

ሄደች። ከዚያ ገመዱ ወገቤን ሊቆርጠኝ ደረሰ። ወለሉ የለም፤ የቤት ቁመት ያህል ጥልቅ የሆነ ገደል ነው። መብራቴን ሳበራ ከታች እግሯ ከሥሯ ታጥፎ ተኝታለች። አልጮኸችም። በቀስታ «አኮያ፣ እዚህ ሰው አለ» አለችኝ።

በገመዱ ወርጄ አየኋቸው፤ ሁለት ናቸው። አጥንት ሆነዋል። እንደተቀመጡ ግድግዳውን ተደግፈዋል፣ አንዱ የሌላው ትከሻ ላይ ነው። ጫማቸው ጫማ እንደሆነ አለ። የውሃ ኮዳዎቻቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ነቀነቅኳቸው፣ ደረቅ ናቸው።

ሴቶቹ ብቻቸውን ሊያወጡን አልቻሉም። ቡሬንታው መጥቶ የዋሻው አፍ ላይ በግንባሩ ተደፋ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ብቻ ወደ ውስጥ ሰዶ ገመዱን ሳበ። በኋላ ሰዎች የወንድ እጅ ዋሻ ገባ ብለው ሲያጉረመርሙ ታበያ «እጅ እንደ ገመድ ይቆጠራል» ብሎ ዘጋው። ነርሷ የሮቲያን እግር በጣውላ አስራለች፤ ወደ ታራዋ የምትወስዳትን መርከብ እየጠበቀች ነው። አትቀልድም። መብራት ሲጠፋ ትጮኻለች።

ስለ ሁለቱ ሰዎች ለታበያ ስነግረው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «ጫማቸው ጣቱ ላይ የተከፈለ ነው?» አዎ አልኩት። ተነስቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን አልመጣም።

እነማን ናቸው? የሄዱት እኛ በሄድንበት ነው። ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ። ክሩን ማን አሳያቸው?

ጁን 30

ይህን ሳልልከው መርከብ መጣች፣ ያንቺም የኤፕሪሉ ደብዳቤ ደረሰኝ። ዋሻው አርጅቷል ትያለሽ። ሳሙና ስድስት ትያለሽ። የሬዲዮ መልእክትሽ የደረሰን ሮቲያ ከወደቀች ከአሥራ ሦስት ቀን በኋላ ነው። ሰውዬው «አክስትሽ ስለ ዓሣ ክር ትጨነቃለች» ብሎ እየሳቀ ነው የነገረኝ።

«ሮቲያ ደኅና ናት?» ብለሽ ጠይቀሻል። «ቲሪ ደኅና ናት?» አላልሽም፣ «ባልሽ ደኅና ነው?» አላልሽም። ከፊት የምትሄደው እንደምትወድቅ ታውቂ ነበር። ታውቂ ነበር።

አኮያ


ኡማ፣ ባናባ
ሴፕቴምበር 2 ቀን 1999

ቴካሬይ

መርከብ ሁለት ጊዜ መጥታ ሄደች። ካንቺ ምንም የለም።

ሮቲያን በጁላይ ወስደዋታል። ሹሙ በዲሴምበር ይመለሳል፤ ስማችን ያለበትን መዝገብ ይዞ። ሰዉ ዕቃውን መጠቅለል ጀምሯል፤ ጎረቤቴ የባሏን መቃብር ድንጋይ በባሕር ውሃ አጥባ ቀለም ቀባችው።

ሳሙና አትላኪ። ቀሚስ አትላኪ። የጠየቅኩሽን መልሺልኝ።

አኮያ


ታብዌዋ፣ ራምቢ
ኦክቶበር 3 ቀን 1999

ለአኮያ፣ ለወንድሜ ልጅ

የእናቴ አምላክ በመካከላችን ይቁም። እኔ አንቺን ለመመረቅ አፍ የለኝም። «አንቺ» ብለሽኛል። ይገባኛል፤ ከእንግዲህ እርስዎ እንዳትይኝ።

በአርባ ሦስት፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። የወረሩን ወታደሮች ደሴቷን ይዘው ነበር፣ ታንከሮቹን በጠመንጃ ይጠብቃሉ። እኛ የምንኖረው እናቴና ሌሎች ሴቶች ከዋሻ በሚያወጡት ውሃ ነበር። ጫማቸው ጣቱ ላይ የተከፈለ ሁለት ወታደሮች ጎህ ሲቀድ ጉልበታችን እርጥብ ሆኖ ስንወጣ አዩን። እነሱም ተጠምተው ነበር፣ ለካ አለቆቻቸው ለተራው ወታደር አይሰጡም። አልመቱንም። ትንሹ ለእኔ ብስኩት ሰጠኝ። በምልክት ውሃው የት ነው አሉ።

እናቴ ፊት ለፊቷ አስቀመጠቻቸው። ክሩን ከአንገቴ አውልቃ፣ ልጅ እንደሚያስተምር ሰው ሦስት ጊዜ በትዕግሥት አሳየቻቸው። ትንሹ ቶሎ ገባው፣ ደስ ብሎት እጅ ነሳት። አራተኛው ላይ እናቴ ወደ ግራ ሳበችው። እኔ ስታስተምረኝ እንደዚያ አልነበረም። ልናገር አፌን ስከፍት እግሬን በእግሯ ረገጠችኝ። በማግሥቱ ገቡ። አልወጡም።

ጓደኞቻቸው ፈልገው ሲያጡ የት እንዳደረሳችኋቸው ተናገሩ ብለው ሦስት ሰው ባሕር ዳር ገደሉ። ከሦስቱ አንዱ የታበያ አባት ነው። እናቴ ቆማ አየች፣ ምንም አላለችም። ብትናገር ዋሻውን ያገኙት ነበር፣ እኛም በውሃ ጥም እናልቅ ነበር። እንዲህ ብዬ ለራሴ ሃምሳ ስድስት ዓመት ነግሬያለሁ። ለሌላ ሰው ስናገረው ይህ መጀመሪያዬ ነው።

ክሩ ሁለት ነው አኮያ። አያቴ ለእናቴ የነገረቻት ነው፣ የመጀመሪያዎቹ የኩባንያ ሰዎች ወረቀት ይዘው በመጡ ጊዜ የወጣ ሕግ። ፊት ለፊት የሚታየው የእንግዳ ክር ነው። እስከ ሦስተኛው እውነት ነው፣ እንዳይጠረጠር። ከዚያ ገደል ነው። ትክክለኛው ግን በእቅፍ ነው የሚሰጠው፤ ልጅቷ ጀርባዋን ለደረትሽ ሰጥታ ትቀመጣለች፣ እጅሽን እጇ ላይ ታደርጊያለሽ፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። አራተኛው ወደ ቀኝ ነው። ይህን በወረቀት ላይ ስላሰፈርኩ እናቴ ይቅር ትበለኝ።

ራምቢ ባመጡን በመጀመሪያው ክረምት፣ ድንኳን ውስጥ፣ እናቴ በሳል ሞተች። «እቅፍሽን ከዚያ ውሃ ለምትጠጣ ብቻ ስጪ» አለችኝ። ሁለት ዓመት ጠብቂ ስለተባልኩ ጠበቅኩ። ሁለቱ አሥር ሆነ። ከዚያ እናንተ ተወለዳችሁ፣ የራምቢን ወንዝ እየጠጣችሁ ወፈራችሁ። አየኋችሁና እነዚህ ያን ውሃ መቼም አይቀምሱም አልኩ። እና ፊት ለፊት አስቀመጥኳችሁ። የወንድሜን ልጅ እንደ እንግዳ አስተማርኩሽ።

ክፉ ልብ ነበረኝ፣ ልንገርሽ። ሹማምንቱ፣ ፎቶ አንሺዎቹ፣ ጨዋታውን በመጽሐፍ ሊጽፍ የመጣው ምሁር፣ ሁሉም ሲያጨበጭቡ በውስጤ «ለገደላችሁ አጨብጭቡ» እያልኩ እስቅ ነበር። አርባ ዓመት ሳቅኩ። ነጭ ሸሚዝ የለበሱት የኔ ልጆች ያንኑ ገደል ጣታቸው ላይ ይዘው እንደሚያድጉ አንድ ቀን አላሰብኩም። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እውነቱን ልጽፍ ብዕር አንስቼ ሳሙና ጻፍኩ።

አሁን የቀረውን ስሚ፣ እሱ ይብሳል። መልስ ያዘገየሁት ፈርቼ ብቻ አይደለም። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ የልጅ ልጄን ሬቴን አቅፌ ተቀመጥኩ፣ እጄን እጇ ላይ አደረግኩ፣ እውነተኛውን ላወጣልሽ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ መጣ። አራተኛው ላይ እጄ ወደ ግራ ሄደ። መለስኩት። እንደገና ወደ ግራ ሄደ። ግራ እጄን ከሥሬ አድርጌ ተቀመጥኩበት፤ ቀኙ አየር ላይ ቀረ። ቀኝ መሆኑን አፌ ያውቃል፣ እጄ አያውቅም። ከአራተኛው በኋላ ደግሞ ሌሎች ሁለት መታጠፊያዎች ነበሩ። እነሱን አፌም አያውቃቸውም። ሁለት ወር ሙሉ ክሩን ይዤ ነው ያደርኩት። ሬቴ «አያቴ፣ አትኳትኚ፣ በቃ» ትለኛለች። ለእንግዳ ያሳየሁት የራሴን በላብኝ።

ሁለቱ የሉም አኮያ። ከእኔ ሌላ የሚያውቃቸውም የለም። አትግቢ ልልሽ አልችልም፣ ግቢም ልልሽ አልችልም። ለሮቲያ ምን እንደምትያት አላውቅም።

ቴካሬይ


ኡማ፣ ባናባ
ዲሴምበር 27 ቀን 1999

ለአክስቴ ለቴካሬይ

ሰላምና ጤና ላንቺ። ገናን እንዴት ዋልሽ? እኛ ደኅና ነን፤ ዘንድሮ ይህን ቃል አልሰረዝኩትም።

ደብዳቤሽ በኖቬምበር መጨረሻ ደረሰኝ። ማብሰያ ቤት ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ተቀምጬ ደገምኩት፣ ከዚያ ቲሪ «እማዬ ታመሻል?» እስክትለኝ ድረስ ምን እንዳደረግኩ አላውቅም። ሁለት ቀን ቡሬንታውን እንኳ አላናገርኩም። እኔ እንግዳ? ባሌንና ልጄን ይዤ እዚህ ድንጋይ ላይ የመጣሁት እኔ? ብዙ ነገር ልጽፍልሽ ነበር፣ ቀድጄዋለሁ።

ሹሙ ሊመጣ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ብቻዬን ገባሁ። እንደ እውነቱ ያመንኩት ያንቺን «ቀኝ» አይደለም፤ ሮቲያን ነው። «እዚህ ድንጋዩ ይቧጭራል» ብላኝ ነበር። አራተኛው ላይ ስደርስ መብራቱን አጥፍቼ ሁለቱንም መዳፎቼን መሬት ላይ አደረግኩ። በግራ በኩል ይወጋል። በቀኝ በኩል ልስልስ ነው፣ ብዙ ሰው እንደተኛበት ሰሌን። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝና እዚያው ግንባሬን ደፍቼ አለቀስኩ። ጉልበት ነው። የእናትሽ፣ የእናቷ፣ የእናቷም እናት ጉልበት ድንጋዩን አለስልሶታል። እጅሽ ረሳ እንጂ እነሱ አልረሱም። ከዚያ ወዲያ ክር አልያዝኩም፣ መንገዱ ለሁለት በተከፈለ ቁጥር ልስልሱን ዳስሼ ሄድኩ። መታጠፊያዎቹ ሁለት ናቸው፣ እንዳልሽው። ወዴት እንደሆኑ አልጽፍም።

ውሃው አለ። ጥቁር፣ ቀዝቃዛ፣ እስከ ክርኔ። ዳር ላይ አሥራ አንድ የኮኮናት ቅል በአፉ ተደፍቶ ተደርድሯል፤ ነገ እንመለሳለን ብለው የተዉት ይመስላል። አንዷ ትንሽ ናት፣ የልጅ ናት፣ ጠርዟ ላይ የክር ቀዳዳ አላት። በእሷ ጠጣሁ።

በቀሩት ቀናት ከሴቶቹ ጋር ውሃ እያወጣን አንዱን ታንከር ሞላን። ሹሙ መርከቡን ይዞ መጣ። ታንከሩን ሲያንኳኩለት ድምፁ ሞላ ያለ ሆነበት። «ውሃው ከየት ነው?» አለ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያየን። ጎረቤቴ «ከእኛ ነው» አለችው። «መዝገብ ላይ ምንጩን መጻፍ አለብኝ እኮ» አለ። «ሴቶች ብለህ ጻፍ» አለችው። እንደዚያ ጽፎ ሄደ። ከእኛ አንድ ሰው አልጫነም።

ለታበያ ስለ አባቱ የጻፍሽውን አነበብኩለት። መደበቅ አልቻልኩም። «ያን ቀን ጠዋት አባቴ ውሃ ጠጥቶ ነበር?» አለኝ። ማታ ማታ እናትሽ ለጎረቤቱ ሁሉ ታድል እንደነበር እሱም ያስታውሳል፤ «እንግዲያ ጠጥቷል» አለ፣ ለራሱ። በማግሥቱ የሁለቱን ሰዎች አጥንት በሰሌን ጠቅልለን አወጣንለት። መቃብራቸውን ማንም እንዲያግዘው ሳይፈቅድ ብቻውን ቆፈረ።

ሮቲያ ከታራዋ ተመልሳለች፣ ታነክሳለች። ከጀልባው ሳትወርድ ነው «መቼ ነው የምታስገቢኝ?» ያለችኝ። ያንቺን ነገር ስነግራት በጣም ተሳደበች። ስድቡን አልጽፈውም፣ ግን ጥሩ ጥሩ ነበር። ከዚያ «አሮጊቷ ታሳዝናለች» አለች።

እኔ ገና ይቅር አላልኩሽም። ስል እጽፍልሻለሁ። ቲሪን ግን በየቀኑ አቅፌ እቀመጣለሁ። እስከ መጨረሻው ክሩ ተሟልቷል፤ የጎደሉትን ሁለቱን ጣቶቼ ከድንጋዩ ተምረው አስገብተዋቸዋል። በወረቀት ላይ አልልክልሽም። ሕጉ የእናትሽ ነው።

አኮያ


ታብዌዋ፣ ራምቢ
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2000

በእናቴ ስም ለተጠራሽው ለአኮያ

የሰጠሽን ውሃ አምላክ ከአፍሽ አይውሰድብሽ፣ ልጅሽ አድጋ አንቺን ትቀፍሽ፣ የሮቲያ ስድብም በሙሉ ይድረሰኝ።

ደብዳቤሽን ሬቴ ናት ያነበበችልኝ። ድንጋዩ ልስልስ ነው የሚለው ጋ ስትደርስ አስቆምኳት፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ማታ አልሰማሁም።

አዎ፣ ትንሿ ቅል የኔ ናት። ቀዳዳዋን አባቴ ነው የበሳልኝ፣ ጥርሴ ላይ አንጠልጥዬ እንድሳብ።

በየመንደሩ ያስተማርኳቸውን ሴቶች አስጠራሁ። ስልሳ ሦስት መጡ፣ ከሱቫ ሳይቀር። ግማሾቹ አያት ሆነዋል። አዳራሹ ውስጥ፣ እዚያው ነጭ ሸሚዝ ባለበስኳቸው ቦታ ቆሜ፣ ጣታቸው ላይ ምን ይዘው እንደኖሩ ነገርኳቸው። አንዷ ተነስታ ወጣች። አንዷ «እኔ ለልጄ አስተምሬዋለሁ» ብላ እጇን ስታይ ቆየች። ማንም አላጽናናኝም፣ ደግ አደረጉ።

በማርች መርከብ ቦታ ይዣለሁ። ዶክተሩ ልብሽ አይችለውም አለኝ፤ ልቤ ከዚህ የባሰ እንደቻለ ስለማያውቅ ነው። ምክር ቤቱ ደግሞ በስልሳ ዘጠኝ ዓመትሽ ምን ልትሠሪ ነው አለኝ። ልማር ነው አልኳቸው። ሳቁ።

ይቅርታውን አታቸኩዪው። እኔ የምመጣው ለእሱ አይደለም።

አርባ አንድ ኪሎ ሆኛለሁ፣ አልከብድሽም። ጀርባዬን ለደረትሽ ሰጥቼ እቀመጣለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ። እጅሽን እጄ ላይ አድርጊ። አራተኛው ላይ እጄ ወደ ግራ ሲሄድ አጥብቀሽ ያዢው።

ቴካሬይ